እስከ አስራ ሁለት ሰዓት

አጎቴ በሰማንያ ዓመታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ሲሰጡ እኔን ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እንድቆም አዘዙኝ። ላንድማርክ ሰፈር ያለው አፓርታማቸው ባለ አንድ መኝታ ስለሆነ ሌላ የምወጣበት ቦታ አልነበረም። «ድምፅ ምስጢር ነው» አሉኝ። እኔም የሟች ባለቤታቸውን ፎቶግራፍ እያየሁ ቆምኩ፤ ከኋላዬ እስክሪብቶው ወረቀቱን ሲፍቀው ይሰማኛል። ሃያ ደቂቃ ፈጀባቸው። ጥቂት ክቦችን ለማጥቆርና አንድ ፖስታ ላይ ለመፈረም ሃያ ደቂቃ! ሁለት ጊዜ «ልርዳዎት እንዴ?» ብል ሁለቱንም ጊዜ ተቆጡኝ።

የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። አብዮቱ ሲመጣ የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ። በሱዳን በኩል ወጥተው እዚህ አሜሪካ ከደረሱ በኋላ እስከ ጡረታቸው ድረስ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ አንዲት ጠባብ የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ትኬት ሲቆርጡ ኖሩ። ዜግነት አልወስድም ብለው ግሪን ካርዳቸውን ብቻ እያሳደሱ ዓመታት አለፉ። ባለቤታቸው ግን ወስደው ነበር፤ አንድም ምርጫ አላመለጣቸውም። እሳቸው መኪናውን ከምርጫ ጣቢያው ፊት ለፊት አቁመው ሬዲዮ እየሰሙ ይጠብቋቸዋል። ሲመለሱ «ማንን መረጥሽ?» ይሏቸዋል። «ምስጢር ነው» ይላሉ ባለቤታቸው፤ ከዚያ ወደ ቤት ይነዳሉ። ባለቤታቸው ባረፉ በዓመቱ፣ ማንንም ሳያማክሩ፣ የዜግነቱን ፎርም ሙይልኝ አሉኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም፤ ገብቶኛል።

የአጋማሽ ዘመኑ ምርጫ ሲደርስ «እንደሷ ተሰልፌ ነው የምመርጠው» ብለው ነበር። በፖስታ ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ። ለጉልበትዎ ይሻላል፣ ብርድ ነው፣ ሰልፉ ረጅም ነው እያልኩ አሳመንኳቸው። እውነቱን ልናገር ካልኩ፣ እኔ ካለሁበት ከሲልቨር ስፕሪንግ እሳቸው እስካሉበት እስከ አሌክሳንድሪያ መንዳት ሰልችቶኝ ነው። «አንቺስ?» ሲሉኝ ደግሞ «እኔማ ድሮ ልኬያለሁ» አልኳቸው። ከምኖርበት ግዛት ከሜሪላንድ የተላከልኝ የድምፅ መስጫ ወረቀት ግን ሳይከፈት ወጥ ቤት መሳቢያዬ ውስጥ ከፒዛ ኩፖኖች ጋር ተኝቶ ነበር። ነገ እሞላዋለሁ፣ ነገ እሞላዋለሁ ስል የምርጫው ዕለት ደረሰ። እኔ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ነኝ። የዚያን ዕለት ትምህርት ስላልነበረ እስከ ረፋድ ተኛሁ፤ ከዚያ ልብስ አጠብኩ፣ ከዚያ መሸ።

ማክሰኞ ምሽት ውጤት መምጣት ሲጀምር አጎቴ ደብተር ይዘው ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጡ። የሴኔቱን ለብቻ፣ የኮንግረሱን ለብቻ መስመር አስምረው በስልክ ያነቡልኛል። አሸናፊዎቹ ገና በጊዜ ታወቁ። እኔ በቃ አለቀ ስል እሳቸው ግን «ገና ያልተቆጠረ የፖስታ ድምፅ አለ እያሉ ነው» አሉ። «የእኔ ተቆጥሮ ይሆን ያልተቆጠረ?»

«ጋሼ፣ የሴኔቱ ሰውዬ እኮ አሸንፎ ንግግር እያደረገ ነው።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም» አሉኝ። ረቡዕም ሐሙስም ይህንኑ ጠየቁኝ።

ዓርብ ጠዋት ልጆቹን አድርሼ አውቶቡሱን እንዳቆምኩ ደወሉልኝ። ድምፃቸው ረጋ ያለ ነው።

«ትናንት ከምርጫ ቢሮው አንዲት ልጅ ኮል አድርጋኝ ነበር። ፖስታው ላይ ፊክስ የሚደረግ ነገር አለ አለች። ዛሬ እስከ አስራ ሁለት ሰዓት መጥቼ ካላስተካከልኩ አይቆጠርም።»

«እስከ አስራ ሁለት ከሆነ ምን ችግር አለው? ከሰዓት በኋላ ያለውን ሺፍት ጨርሼ አስር ሰዓት ተኩል ላይ መጥቼ ፒክ አደርግዎታለሁ።»

«እኔም እንደዚያው ነው ያሰብኩት። እስከዚያ ወዳጆቼ ጋ ደርሼ እመጣለሁ።»

ስልኩን ዘጋሁና መጥረጊያዬን አነሳሁ። ልጆቹ ከወንበር በታች የማይጥሉት የለም፤ ጓንት፣ እርሳስ፣ የተነከሰ ፖም። እየጠረግሁ መሀል ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። የትኛው የመንግሥት ቢሮ ነው ዓርብ ምሽት እስከ አስራ ሁለት ሰዓት ክፍት የሚሆነው? ፈረንጇ ልጅ በአማርኛ አልቆጠረችላቸውም። ትዌልቭ ነው ያለቻቸው፤ እኩለ ቀን፣ የእኛ ስድስት ሰዓት! እሳቸው በእኛ ቆጥረው ነገሩኝ፣ እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ በፈረንጅ ሰዓት ስነዳ የኖርኩት ሴትዮ ደግሞ በእኛ ቆጥሬ ተቀበልኳቸው። እኩለ ቀን ሊሞላ የቀረው አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ነው።

መልሼ ደወልኩ። አያነሱም። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ቤልትዌዩን፣ ከተማውን የሚዞረውን አውራ ጎዳና፣ ስይዝ ደግሜ ደወልኩ፤ አያነሱም። ከወንዙ ድልድይ በፊት አደጋ ደርሶ ኖሮ ሦስቱ ረድፍ አንድ ሆኗል። መሪውን በጥፊ መታሁት። ከፊቴ ያለው የጭነት መኪና አንድ ሜትር ይሄድና ይቆማል፣ አንድ ሜትር ይሄድና ይቆማል። አላነሳም ባሉኝ ቁጥር በልቤ የምሰድበው ግን እሳቸውን አልነበረም። ተሰልፌ ልምረጥ ያሉትን ሰው በፖስታ ላኩ ያልኩት ማን ሆነና!

ላንድማርክ ስደርስ አንድ ሰዓት እንኳ አልቀረም። በራቸውን ደበደብኩ። ስደውል ስልካቸው ከበሩ ጀርባ ይጮሃል፤ እንደ ልማዳቸው ቻርጅ ላይ ትተውት ወጥተዋል። የአጎቴ ወዳጆች ዓርብ ዓርብ የሚቀመጡባት ሴቨን ኮርነርስ አጠገብ ያለች ካፌ ትዝ አለችኝ። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወረድኩ።

እዚያ ናቸው። ሦስት ሽማግሌዎች በመስኮቱ በኩል ተቀምጠው የኮንግረሱን ወንበሮች ያከፋፍላሉ። የአጎቴ ደብተር ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፣ ከዘራቸው ወንበሩ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ጋሼ፣ ተነሱ! አሁኑኑ!»

«ምን ሆነሻል? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ሻዬን ልጨርስ።»

«ልጅቷ ትዌልቭ ያለችዎት የፈረንጁን ነው። እኩለ ቀን! ሠላሳ አምስት ደቂቃ ነው ያለን።»

ብርጭቆው አፋቸው ጋ ሳይደርስ ቀረ። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁት፤ እንደዚያ ያየኋቸው በባለቤታቸው ቀብር ቀን ብቻ ነው። ወዳጆቻቸው ከዘራውን አቀበሏቸው፣ አንዱ በሩን ያዘልን። «እግዜር ይቅደምላችሁ» አሉን።

መንገድ ላይ የበሩን እጀታ በሁለት እጃቸው ጨምድደው ይዘዋል። ቀይ መብራት ሲይዘን ሰዓታቸውን ያዩና ቀና ይላሉ።

«ግን ምኑ ነው የተበላሸው?» አልኳቸው። «መፈረም ረስተው ነው?»

«ፈርሜያለሁ። የተወለድኩበትን ዓመት ነው ያለችው። ልክ ነው የጻፍኩት ብያታለሁ።»

«ምን ብለው ጻፉ?»

«ሠላሳ ስምንት ነዋ።»

ጉድ ፈላ። መንጃ ፈቃዳቸው ላይ፣ ሶሻል ሴኩሪቲያቸው ላይ፣ የዜግነት ወረቀታቸው ላይ ያለው አርባ ስድስት ነው። እነዚያን ፎርሞች ሁሉ የሞላነው ባለቤታቸውና እኔ ነን።

«ጋሼ፣ ሁሉም ወረቀትዎ ላይ አርባ ስድስት እንደሚል አያውቁም እንዴ? በእኛ ሠላሳ ስምንት፣ በእነሱ አርባ ስድስት፤ ያው አንድ ቀን እኮ ነው።»

«ስምንት መደመርና መቀነስ ለእኔ ታስተምሪኛለሽ?» ተቆጡ። ቀጥለው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ፖስታው ላይ መሐላ አለ። ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። የጻፍኩት እውነት ነው፣ ሐሰት ከሆነ ልቀጣ፣ ይላል። እናቴ በሠላሳ ስምንት በሐምሌ ነው የወለደችኝ። ሌላውን ወረቀት ሁሉ ሰው ነው የሞላልኝ። ይህችን አንዲቷን በእጄ ስሞላ፣ በዚያ ላይ ምዬ፣ የሰው ዓመት ልጻፍ?»

መሐላ ሲሉ ጆሮዬ ጋለ። እሳቸው አንዲት ቁጥር እውነት ትሁን ብለው ድምፃቸውን ሊያጡ ነው፤ እኔ ደግሞ ያለ ምንም ጭንቀት «ድሮ ልኬያለሁ» ብያቸዋለሁ። አሁን ልንገራቸው ይሆን ብዬ አሰብኩና ፈራሁ። እየሮጥን ነው፣ ጊዜው አይደለም ብዬ ራሴን ሸነገልኩ።

ቢሮው ጋ ስንደርስ ዘጠኝ ደቂቃ ቀርቷል። ማቆሚያ የለም። መኪናውን በሩ ፊት የአደጋ መብራቱን አብርቼ ተውኩትና ክንዳቸውን ያዝኩ። «ልቀቂኝ፣ እሄዳለሁ» አሉኝ፤ ይሄዳሉም፣ ግን በእሳቸው እርምጃ ነው። ከዘራ፣ እግር፣ እግር። ከዘራ፣ እግር፣ እግር። ሊፍቱ እስኪመጣ እግሬ መሬቱን ሲመታ አንዲት ሴት ዞራ አየችኝ። ቢሮው ውስጥ ከፊታችን ሁለት ሰዎች ነበሩ። የግድግዳው ሰዓት ስድስት ደቂቃ ይቀራል ይላል። አንደኛው ሰውዬ ከሠራተኛዋ ጋር ስለ አድራሻ ለውጥ ይከራከራል። ኮቱን ይዤ ብጎትተው ደስ ይለኝ ነበር።

ተራው ሲደርሰን አራት ደቂቃ ቀርቷል። መነጽሯን አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሠራተኛ መታወቂያቸውን አይታ አንድ ወረቀት ሰጠቻቸው። የትውልድ ዓመት እዚህ፣ ፊርማ እዚህ አለች። አጎቴ እስክሪብቶውን አንስተው ቆሙ። ጫፉ ከወረቀቱ በላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

«አርባ ስድስት» አልኩ በሹክሹክታ።

«አውቃለሁ!»

ሠራተኛዋ ሰዓቱን አየች። እኔም አየሁ። አጎቴ በዝግታ፣ እንደ አስተማሪ፣ አንድ በአንድ ጻፉት። አንድ፣ ዘጠኝ፣ አራት፣ ስድስት። ከዚያ ፈረሙ። ሴትዮዋ ማኅተሟን መታችና በቃ፣ ይቆጠራል አለቻቸው። ሁለት ደቂቃ ቀርቶ ነበር። ባንኮኒው ላይ ተደገፍኩ።

አጎቴ ግን ከቦታቸው አልተነቃነቁም። በቀስታ እንግሊዝኛቸው፣ ይህች ልጅም በፖስታ የላከችው ድምፅ ስህተት እንዳይኖርበት እይልኝ አሏት። ሴትዮዋ የት ነው የምትኖሪው አለችኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ አልኩ። ያ ሜሪላንድ ነው፣ እኛ ማየት አንችልም፣ በስልክሽ ግን ስምሽን አስገብተሽ አሁኑኑ ታገኚዋለሽ አለችና ፈገግ አለችልኝ።

«አውጪው እንጂ» አሉኝ አጎቴ። «ሳይዘጋብሽ።»

«መኪናውን ጎትተው ይወስዱብኛል» ብዬ ወጣሁ።

መኪናውን ማንም አልነካውም። አጎቴ ገብተው ቀበቷቸውን አሰሩ፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሀል አቆሙ። ፊታቸው በርቷል። «እሷ ብታይ ኖሮ ትስቅብኝ ነበር» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «በይ አሁን የአንቺን እንየው።»

ስልኬ በመሀከላችን ተቀምጧል። ከዚያ በላይ መሸሽ አልቻልኩም።

«አልመረጥኩም ጋሼ። ዋሽቼዎት ነው። ወረቀቱ እቤት ነው ያለው፣ አልከፈትኩትም።»

ሞተሩን አስነስቼ መንገድ ጀመርኩ። ቢሰድቡኝ በወደድኩ። የፊት መስታወቱን ብቻ ያያሉ። ዓይኔ እንባ ሞልቶ የትራፊክ መብራቱ ሲለወጥ አላየሁም።

«ቀይ ነው» አሉኝ። ፍሬን ያዝኩ። ላንድማርክ አደረስኳቸው። ሲወርዱ በሩን በኃይል አልዘጉትም፤ ቀስ አድርገው ገጠሙት፣ ያ ደግሞ ባሰብኝ።

ለከሰዓቱ ዙር በሰዓቱ ደረስኩ። ልጆቹ ጮኹ፣ ተጣሉ፣ ጓንታቸውን ጣሉ፣ ወረዱ። እቤት ገብቼ መሳቢያውን ከፈትኩና ፖስታውን አየሁት። በላዩ ስሜ ታትሟል። መልሼ ዘጋሁት።

በእኛ አቆጣጠር ልክ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። አጎቴ ናቸው። ሰላምታ የለም፣ በቀጥታ ከደብተራቸው ማንበብ ጀመሩ። የአሌክሳንድሪያ ቁጥር ከጠዋቱ ጨምሯል አሉ። ከጨመረው ውስጥ አንዷ የእሳቸው ናት። ለማን እንደሆነች አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ደስ ብሏቸዋል፤ ያሸነፈው ካሸነፈ ሦስት ቀን ቢሆነውም።

«እንኳን ደስ አለዎት ጋሼ» አልኳቸው።

የደብተር ገጽ ሲገለበጥ ተሰማኝ።

«የእናንተንም ካውንቲ ቁጥር አየሁት» አሉ። «የገዥውንም፣ የኮንግረሱንም።»

«እሺ?»

«አንድ ይጎድለዋል» አሉኝና ስልኩን ዘጉት።