ክንዴ ላይ የተለጠፈችው ቆርኪ

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። ባለቤቴ ከፋሲካ በፊት ነው ትላለች፤ ልጄ ደግሞ የለም፣ ከፋሲካ በኋላ ነው ትላለች። እኔ የማስታውሰው ሽንኩርት በደንብ ደርሶ የቡልቡላ መንገድ በጭነት መኪና የተጨናነቀበት ወቅት እንደነበረ ብቻ ነው። በሾፌርነት ስላረጀሁ ጊዜውን የምለየው በጭነቱ ነው፤ የሽንኩርት ጊዜ፣ የቲማቲም ጊዜ፣ የፓፓያ ጊዜ እያልኩ። ትምህርቱንም አራተኛ ክፍል ላይ ነው የተውኩት።

አሮጌ ፒካፕ አለችኝ። ከአዳማ ተነስቼ ቡልቡላ እወርዳለሁ። የባለቤቴ ወንድም እዚያ መሬት አለው፤ የእሱንና የጎረቤቶቹን ሽንኩርት በኬሻ ጭኜ አዳማ ገበያ አራግፋለሁ። ልጄ «ጡረታ ውጣ» ስትለኝ፣ ጡረታ የሚያወጣኝ ማነው እላታለሁ። መቂ ላይ ሻይ ልጠጣ ስቆም የማይጨብጠኝ የለም። ዝዋይ ላይ ጎማ የሚጠግነው ሰውዬ መኪናዬን ከሩቅ በድምጿ ያውቃታል። ቤት ስቀመጥ ግን ማንም አይደለሁም፤ ወንበር ላይ ያለ ሽማግሌ ነኝ።

ስኳር አለብኝ። ጠዋትና ማታ መርፌ እወጋለሁ። አንድ ጊዜ ዓለም ጤናን እንዳለፍኩ ላብ በላብ ሆንኩ፣ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም። ስነቃ መኪናዋ አስፋልቱ መሀል ቆማለች፤ የማላውቃቸው ሰዎች ስኳር የበዛበት ሻይ እያጠጡኝ ነው። ፍሬን የያዝኩት እኔ ልሁን ወይስ ሞተሩ ራሱ ጠፍቶ ይሁን እስካሁን አላውቅም።

ልጄ ቢሾፍቱ ቢሮ ነው የምትሠራው። ይህን ስትሰማ አንድ ዕቃ ይዛልኝ መጣች። ክሊኒክ ሄደን ነርሷ «አባቴ፣ አይዞዎት፣ አያምም» እያለች ግራ ክንዴ ላይ፣ ከኋላ በኩል ለጠፈችልኝ። የለስላሳ ቆርኪ ታክላለች፣ ነጭ ናት። እኔም ስሟን መያዝ ስላቃተኝ ቆርኪ አልኳት። ቆርኪዋ ሥጋዬ ውስጥ ያለውን ስኳር እያየች ለስልኬ ትነግራለች፤ ስልኬ ደግሞ ለልጄ ስልክ ይነግራል። እንዴት እንደሚነጋገሩ ብጠይቅ ብሉቱዝ ነው አሉኝ። እሺ ብዬ ተውኩት።

ሰዉ ምን ያላለኝ አለ! ገበያ ላይ አንዱ ደላላ እጅጌዬ ተሰብስቦ ሲያያት፣ «ፋዘር፣ ቻርጀር አስገጠሙ እንዴ? ባትሪዎ ስንት ፐርሰንት ነው?» አለኝ። ጎረቤቴ ደግሞ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ፣ «ልጅዎ ጂፒኤስ ነው ያሰረችብዎት፤ የት እንደሚውሉ ልትከታተል ነው» አለኝ። ከደላላው ይልቅ የጎረቤቴ ነገር ሳያሳስበኝ አልቀረም።

ስልኬ ላይ ቁጥር ይወጣል፣ ከአጠገቡም ቀስት አለ። እኔ ጌጅ ማየት ዕድሜ ልኬን ለምጃለሁ። የነዳጅ ጌጅ ይወርዳል እንጂ ስትሄድ አይወጣም። የሙቀት ጌጅ ዳገት ላይ ይወጣል፣ ሜዳ ላይ ይመለሳል። የዚህ ግን ጠባዩ አልገባኝ አለ። ስበላ ይወጣል፣ እሺ። ከደላላ ጋር ስጨቃጨቅም ይወጣል። ምንም ሳልሆን ተቀምጬም ይወርዳል። ልጄ ትደውላለች።

«አባዬ፣ ምን በላህ?»

«ምንም።»

«አባዬ፣ እያየሁት እኮ ነው!»

«እንግዲህ... አንዲት ሙዝ ነች።»

«አንዲት?»

ባለቤቴ ከጓዳ ሆና፣ «ሁለት ነው!» ብላ ትጮህልኛለች።

እስከዚህ ድረስ ሳቅ ነበር። ጭንቁ የመጣው መንገድ ላይ ነው። ከመቂ አልፌ ዝዋይ ሳልደርስ ስልኬ ይጮኻል። ሳየው ቁጥሩ ወርዷል፤ ሃምሳ ምናምን ይላል። መኪናዬን ጥግ አስይዤ ለስላሳ ከፍቼ እጠጣለሁ። ልጄም ያን ጊዜ ትደውላለች፤ «አባዬ አቁም! አቆምክ? ጠጣህ?» ትላለች። ቤት ስገባ ደግሞ ቁጥሩ ሰማይ ይነካል። ውሃ ይጠማኛል፣ ሽንት ቤት መመላለስ ነው። በሌላው ጉዞም እንዲሁ፤ በሚቀጥለውም። መንገድ ላይ ይወርዳል፣ ቤት ውስጥ ይወጣል።

የሚገርመኝ ግን ላብ የለም፣ መንቀጥቀጥ የለም። ይህን ለነርሷ ነገርኳት። «አባቴ፣ ይሄ ጥሩ አይደለም። አንዳንድ ሰው ላይ ቶሎ ቶሎ ሲወርድ ሰውነቱ ይለምደውና ምልክት መስጠት ይተዋል። ዝም ብሎ ይወድቃል» አለችኝ። ሐኪሙም መርፌውን ቀነሰልኝ። ከሁሉም ያስፈራኝ ይሄ ነው። ሰው የገዛ ሰውነቱን ካላመነ ምን ያምናል? ከዚያ በኋላ መሪ ስይዝ እጄን እያየሁ ሆነ፤ ተንቀጠቀጠ ወይስ አልተንቀጠቀጠም እያልኩ። አንዳንዴ ስለማየው ብቻ የተንቀጠቀጠ ይመስለኛል።

አንድ እሑድ ልጄ መጣች። ምሳ በልተን ስናበቃ እጇን ዘረጋች።

«አባዬ፣ የመኪናውን ቁልፍ ስጠኝ።»

«ምን ልታደርጊው?»

«ላስቀምጠው።»

«እኔ ህፃን ነኝ እንዴ?»

«አይደለህም። ግን ያ መንገድ በህፃናት የተሞላ ነው፤ ከትምህርት ቤት ሲወጡ አስፋልት ለአስፋልት ነው የሚሄዱት። አንዱን ብትገጭብኝስ? አንተ ራስህ ከዚያ በኋላ ትኖራለህ?»

ቁልፉን ሰጠኋት። ቢሾፍቱ ይዛው ሄደች።

እንግዲህ ቤት ተቀመጥኩ። ጠዋት ተነስቼ የመኪናዋን ኮፈን እከፍታለሁ፣ ዘይት አያለሁ፣ እዘጋለሁ። ጎማዋን እጠርጋለሁ። ባለቤቴ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ታማ ነው የምታስታምማት?» ትለኛለች። የወንድሟን ሽንኩርት ሌላ መኪና ጫነው። እሱም ስልክ ደውሎ «አይዞህ፣ ዕረፍ» አለኝ፤ ያ «ዕረፍ» የሚለው ቃል ቀኑን ሙሉ ሲያንገበግበኝ ዋለ።

የባሰ ግራ የገባኝ ደግሞ ቤት ከተቀመጥኩ ወዲህ ስልኬ መጮኹን ማቆሙ ነው። ልጄ በስልክ፣ «አየህ አባዬ? መንዳቱ ነው» አለችኝ። እኔም ተቀበልኩ። ከእንግዲህ ምን እላለሁ? ግን ሌት ተቀን አስባለሁ፤ መንዳት እንዴት ስኳር ይጨርሳል? ኬሻ አልሸከም፣ እግሬ ፍሪሲዮን ከመርገጥ ውጪ ሥራ የለው። መንገዱ ይሆን? ሙቀቱ ይሆን? ወይስ ዕድሜዬን ሁሉ የበላሁበት ሥራ አሁን ተራውን እኔን መብላት ጀምሮ ይሆን?

ያላመነች ባለቤቴ ብቻ ነበረች። እሷ የቡልቡላ ልጅ ናት፤ አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ነው፣ እኔ ደግሞ ከምንጃር የመጣሁ። ስታባብለኝ በአማርኛ ነው፣ ስትቆጣኝ በኦሮምኛ። አንድ ቀን ለልጃችን ደወለችና፣ «ቁልፉን ይዘሽ ነይ። አብሬው ሄጄ በዓይኔ ካላየሁ አላምንም» አለቻት።

«እማዬ፣ መንገድ ላይ ቢወድቅስ?»

«እስከ መልካሳ ብቻ ነው። ቀስ ብሎ ይነዳል። አባትሽ ሲደክመው ገና ከንፈሩ ሲደርቅ ነው የማውቀው፤ ይሄ ስልክ ትናንት የመጣ ነው።»

ልጄ ከብዙ ክርክር በኋላ መጣች። እሷ ከቤት ሆና በስልኳ ልትከታተል፣ እኛ እስከ መልካሳ ደርሰን ልንመለስ ተስማማን። ባለቤቴ አንድ ቦርሳ ይዛ ገባች። ውስጡ ለስላሳ አለ፣ ዳቦ አለ፤ የድሮዋ ጣት እየተወጋ የምትለካዋ መሣሪያም አለች። እሷን ቆርኪዋ ከመጣች ወዲህ መሳቢያ ውስጥ ጥለናት ነበር።

ስነሳ ቁጥሩ ደህና ነው። መንገዱ ባዶ ነበር። ባለቤቴ መንገዱን ትታ እኔን ታያለች። አፍራለሁ፤ ገና እንደታጨን ጊዜ ሆነብኝ። «ምን ታፈጪብኛለሽ?» ስላት «ንዳ» ትላለች። መልካሳ ልንገባ ስንል ስልኩ ጮኸ። አበቃ፣ መንዳቱ ነው አልኩ በሆዴ። ጥግ ይዤ አቆምኩና ለስላሳውን ስከፍት እጄን ያዘችው።

«ኤጊ! ቆይ። መጀመሪያ ጣትህን።»

«ኧረ ልወድቅ ነው ሴትዮ!»

«ከወደቅክ እኔ ላይ ነው የምትወድቀው። አምጣ።»

ወጋችኝ። ደሙን መሣሪያዋ ላይ አስነካች፣ ጠበቅን። የጣቱ መሣሪያ ከመቶ በላይ አለ። ስልኩን አየን፤ ሃምሳ ምናምን። ሌላ ጣት ወጋችኝ። አሁንም ከመቶ በላይ። አንዱ ሰውነት፣ ሁለት ቁጥር። የቱ ነው እኔ?

የልጄ ስልክ መጣ። ባለቤቴ አነሳችው፤ «ደህና ነው። አፉ እየሠራ ነው፣ ሲሰድበኝ ነው የቆየው። ጣቱም ደህና ነው ያለው። ትንሽ እንቀመጣለን» አለቻት።

መንገድ ዳር ያለች ሻይ ቤት ገብተን ተቀመጥን። ስኳር የሌለው ሻይ አዘዘችልኝ። ምንም ጣፋጭ ሳልቀምስ የስልኩ ቁጥር ወደ ላይ መሄድ ጀመረ። ስልሳ፣ ሰባ፣ ከዚያም በላይ። እኔ ከመውረዱ ይልቅ በመውጣቱ ይበልጥ ፈራሁ። ሞቆኝ ስለነበር ጃኬቴን አወለቅኩ። ይሄኔ ባለቤቴ ክንዴን ያዘች።

«ይሄ ምንድነው?»

«ምኑ?»

«ይሄ ሰንበር!»

ክንዴ ላይ፣ ከኋላ በኩል፣ ገመድ የታሰረበት ይመስል ቀይ መስመር ነበር። ቆርኪዋ መሀሉ ላይ ናት። ባለቤቴ ተነስታ ወደ መኪናዋ ሄደች። የበሩን መስኮት ጠርዝ በመዳፏ ዳበሰችው። ተመልሳ ፊቴ ቆመች።

«ስትነዳ ግራ ክንድህን የት ነው የምታደርገው?»

እመኑኝ፣ አላውቅም ነበር። ሾፌር ከሆንኩ ጀምሮ ያ ክንድ በራሱ ነው የሚኖረው። ሞተር ሲነሳ መስኮቱ ላይ ይወጣል፣ የክንዴ የኋላው ሥጋ ጠርዙ ላይ ይተኛል፣ እጄ ውጭ ተንጠልጥሎ የበሩን ቆርቆሮ ይመታል። ሥራ የሚሠራው ቀኙ ነው። ሾፌር ሁሉ እንደዚህ ነው፤ ማንም አስተምሮን አይደለም።

«አሁን ስትመለስ ሁለቱንም እጅህን መሪው ላይ አድርግ» አለችኝ።

እንዳለችኝ አደረግኩ። ገና ፈቃድ ሊያወጣ የሚማር ሰው መሰልኩ። ትንሽ እንደሄድን ክንዴ ሳላውቀው ወጣ፤ ተጠግታ በጥፊ መታችው። እንደገና ወጣ፣ እንደገና መታችው። አዳማ እስክንገባ ስልኩ አልጮኸም።

ማግስቱን ክሊኒክ ሄድን። ነርሷ ስትሰማ ግንባሯን ያዘች። «አባቴ፣ ሲጫኗት እኮ ያልሆነውን ዝቅ አድርጋ ታሳያለች፤ ቤት ሲገቡ የሚወጣብዎትም ሳይወርድብዎት በጠጡት ለስላሳ ነው። ሲተኙ እንዳይጫኗት ነግሬዎት አልነበር?» አለችኝ። ነግራኝ ነበር፤ እኔም በቀኝ ጎኔ ነበር የምተኛው። መንዳትን ግን እሷም አላሰበችው፣ እኔም አልነገርኳት። ቆርኪዋ ጊዜዋ ሲያልቅ ትቀየራለች፤ የሚቀጥለዋን ቀኝ ክንዴ ላይ ለጠፈችልኝና ከእንግዲህ በግራ ጎንዎ ይተኙ አለችኝ። መርፌውንም ሐኪሙ እንደገና አስተካከለልኝ።

ልጄ ቁልፉን በእጇ እንደያዘች፣ «ከመነሳትህ በፊት ጣትህን፣ መቂ ላይ ጣትህን፣ ከጮኸ ደግሞ ቆመህ ጣትህን። እሺ?» አለችኝ። እሺ አልኳት። ሰጠችኝ።

አሁንም በደንብ ገባኝ አልልም። በቅርቡ ቡልቡላ ስንገባ ስልኩ ጮኸ፤ እንደ ድሮው የውሸት ነው ብዬ ልንቀው ስል ባለቤቴ ጣቴን ወጋችው። ያን ዕለት እውነቱን ነበር፣ ጣቱም ወርዷል። ላብም አልነበረኝም። ለስላሳዬን ጠጥቼ መንገድ ዳር ኬሻ አንጥፈን ተቀመጥን፤ ቁጥሩ እስኪመለስ ወንድሟን ስታማ ቆየች። የቱን ድምፅ እንደማምን፣ የቱን እንደምተው እስካሁን ግራ ይገባኛል። እኔ የማደርገው ሲጮኽ መቆም ነው፤ ከዚያ ጣቴን ለሷ መስጠት ነው።

ልጄ ስለ ፈራችልኝ አልቀየማትም፤ ትክክል ነበረች። ነርሷንም አመሰግናታለሁ። ነገር ግን ያኔ ሁሉም፣ እኔ ራሴም ጭምር፣ መንዳቴ አበቃ ብለን ስናምን ከጎኔ ገብታ የተቀመጠችው፣ ዛሬም ቡልቡላ ስወርድ ከጎኔ የምትቀመጠው ባለቤቴ ናት።