ለወንድሜ የመረጥኩለት ሜዳ

ታናሽ ወንድሜ ከፊንላንድ ሊጠይቀኝ ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ የድስት ክዳን የሚያካክሉ የፕላስቲክ ዝርግ ነገሮች ደርድሮ መጣ። ለቤት ዕቃ ያመጣልኝ መስሎኝ ላመሰግነው ስል ሳቀብኝ። ጨዋታ ነው አለኝ፤ ዲስክ ጎልፍ ይባላል። ሜዳ ላይ ሰንሰለት የተንጠለጠለበት የብረት ቅርጫት ይተከላል፣ ዲስኩ ከሩቅ ይወረወራል፣ በትንሽ ውርወራ ቅርጫቱ ውስጥ ያስገባ ያሸንፋል።

"የወረወርከውን ማን ያመጣልሃል?" አልኩት።

"ራሴ ነኛ።"

ሠላሳ ስድስት ዓመት የሞላው ሰው፣ ያውም ኢንጂነር፣ ክዳን ወርውሮ ራሱ ሄዶ ይለቅማል። አባታችን መሬት ሸጦ ያስተማረው ለዚህ ነው።

እኔ ያለሁት ደቡብ አፍሪካ፣ ከጆሃንስበርግ ወጣ ብሎ ካትሌሆንግ የሚባል ሰፈር ነው። ስፓዛ አለኝ፤ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሜ ዳቦ፣ ዘይትና የስልክ ኤርታይም የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ። የምተኛውም እዚያው፣ ከዱቄቱ ኋላ ባነጠፍኩት ፍራሽ ላይ ነው። ይህን ግን እናታችን አታውቅም። እሷ የምታውቀው በስልክ የነገርኳትን ነው፤ ሰፊ ቤት፣ እሁድ እሁድ ሽርሽር፣ እንደ እጄ መዳፍ የማውቀው ጆሃንስበርግ። ወንድሜ ደግሞ እኔ ዘንድ አንድ ሳምንት ቆይቶ በቀጥታ ወደ እሷ ነው የሚሄደው። ያየውን ሁሉ ይነግራታል። ስለዚህ ከተማው ውስጥ ዮቪል በሚባል ሰፈር አንድ ያገር ልጅ ቤት አሳረፍኩት። የእኔ ቤት እየታደሰ ነው አልኩት። ሱቁን ልየው ሲለኝም፣ ሰፈሩ ለእንግዳ አይሆንም እያልኩ አዘገየሁት።

በሁለተኛው ቀን፣ "ጋሼ፣ በመኪና ደርሰን የምንመለስበት ጥሩ ሜዳ የቱ ነው? አንተ አገሩን ታውቀዋለህ" አለኝ።

አላውቅም ብል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን እኛ ዘንድ ታላቅ ለታናሹ አላውቅም አይልም። "እስቲ አስቤ ነገ እነግርሃለሁ" አልኩት፣ ብዙ ሜዳ አይቶ መምረጥ እንደቸገረው ሰው።

በማግስቱ ጠዋት ዳቦ የሚያመጣልኝን ሾፌር ጠየቅኩት። ሰውዬው የማያውቀው መንገድ የለም። "ማይ ፍሬንድ፣ አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የምትጫወተው?" ብሎ እስኪበቃው ሳቀብኝና የሰማውን ነገረኝ። አንዱ በፕሪቶሪያ በኩል ነው፣ አንዱ ወደ ማጋሊስበርግ ተራራ፣ ሌላው ግድብ ዳር። ከዚህ በላይ አንዲት ቃል አልነገረኝም፤ የትኛው ግድብ እንደሆነም አልጠየቅኩትም።

ለእኔ ግን በቂዬ ነበር። ማታ ዮቪል ሄጄ እግሬን አነባብሬ ማማረጥ ጀመርኩ። "የፕሪቶሪያው ለጀማሪ ነው፤ ጊዜህን አታጥፋ" አልኩት። "የማጋሊስበርጉ መንገድ ላይ ሱቅ ያለው አበሻ አላውቅም። መኪና ቢበላሽ ማን ዘንድ ትገባለህ?" ይህኛው እንኳ ከልቤ ነበር። ለእኔ ቦታ ማለት አበሻ ሱቅ የከፈተበት ነው። "የግድቡን ግን አትጠይቀኝ! ጥላ ብትል ጥላ፣ ውሃ ብትል ውሃ፣ መኪና ማቆሚያውም ሰፊ ነው።"

ይህን ሁሉ ያየሁት በአንድ ጥምቀት ነው። ምእመኑ ታቦት አጅቦ ግድብ ዳር ሲወርድ አብሬ ሄጄ፣ ጠበል ተረጭቼ፣ ሱቁን ለጎረቤት አደራ ብዬ ስለነበር አረፍ እንኳ ሳልል ተመለስኩ። ከሱቄ፣ ከጅምላ መደብሩና ከቤተ ክርስቲያኑ ውጪ ያየሁት ጆሃንስበርግ ያ ብቻ ነው። ወንድሜ ግን በአክብሮት እየሰማ ራሱን ይነቀንቃል። እውነቱን ለመናገር ናቅኩት። ፊንላንድ ሰውን እንዲህ ያጃጅላል ማለት ነው አልኩ በሆዴ።

"እንግዲያው እሁድ አብረን እንሄዳለን" አለኝ። ሥራ አለኝ እንዳልል የእሁድ ሽርሽሩን እናታችን ነግራዋለች። ከቅዳሴ መልስ ባኪ በሚሏት የዕቃ መጫኛ ፒክአፔ ላይ ጫንኩት።

ግድቡ ዳር ስንደርስ ሰዉ እሳት አንድዶ ቋሊማ ይጠብሳል። ቤቱ ኩሽና እያለው ሜዳ ወጥቶ ጭስ የሚበላ ሕዝብ መቼም አይገባኝም። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ከፊት ከፊት መራሁ። ቅርጫት የለም። ሁለት ጊዜ ዞርን። ዓሣ የሚያጠምዱ ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው ያሉት፣ እነሱም ቀና ብለው አላዩንም።

"ለጥገና አንስተዋቸው ይሆናል" አልኩ። "ዘበኛውስ የት ሄዶ ነው?" ብዬ ደግሞ ተቆጣሁ።

"ጋሼ" አለኝ ቀስ ብሎ፣ "እዚህ ሜዳ የለም። ሳልመጣ በፊት በስልኬ ሁሉንም አይቻቸዋለሁ። የተጫወቱባቸው ሰዎች የጻፉትን ሳይቀር አንብቤአለሁ።"

"ታዲያ ምን አስጠየቀህ?"

"አንተ ከመረጥከው አብረኸኝ ትወጣለህ ብዬ ነው።" ቦርሳውን ወደ ሌላው ትከሻው አዛወረ። "ሱቁን አይቼዋለሁ። ሐሙስ ዕቃ ልትጭን ስትሄድ ያሳረፍከኝ ሰውዬ አምጥቶኝ ነበር፤ ጎረቤትህ አስገባኝ። ፍራሹንም አይቻለሁ።"

ፊቴ እሳት ሆነ። መጀመሪያ ጎረቤቴን፣ ቀጥሎ እሱን፣ ከዚያ ያን ክዳን የፈጠረውን ሰው ረገምኩ። ሳሩ ላይ ተቀመጥኩ። ስንቀው የሰነበትኩት ልጅ ለካ ሲያዝንልኝ ሰንብቷል፤ ይህን መቻል አቃተኝ።

"ለእማዬ ምን ልበላት?" አለኝ።

"ደህና ነው በላት።"

"ደህና ነህ?"

በዚህ አገር አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ በስልክ ይህን እጠየቃለሁ፤ ጠያቂው ሳይጨርስ ነው እግዚአብሔር ይመስገን የምለው። አሁንም ልለው አፌን ከፈትኩ። ይህ ጠያቂ ግን በስልክ አይደለም፤ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

"አይደለሁም" አልኩት።

ቦርሳውን ከትከሻው አውርዶ አጠገቤ ተቀመጠ። ሁልጊዜ እሁድ ከቅዳሴ መልስ የምከፍተውን ሱቅ ያን ቀን አልከፈትኩም።