መብረቅና ቀዩ ሹራብ

ነጎድጓድ እፈራለሁ። የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ቢሆንም እፈራለሁ። ደብረ ማርቆስ ሳድግ ሰማዩ ማጉረምረም ሲጀምር እናቴ የግድግዳውን መስታወት በነጠላ ትሸፍን ነበር፤ ቀይ የለበሰ ልጅ ካለም ወዲያው ታስወልቀዋለች። መብረቅ ቀይና የሚያብለጨልጭ ነገር ይወዳል ይባላል። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ብርሃንና ስለ ኤሌክትሪክ ስማር ይህን ወሬ ከጭንቅላቴ አወጣሁት፤ ከሆዴ ግን አልወጣም።

ይህ የሆነው ከደብረ ማርቆስ ራቅ ባለች አንዲት የገበያ ከተማ ሳስተምር ነው። ወሩ ግንቦት ነበር፤ ከዘጠነኛ ክፍሎች ጋር ስለ ብርሃን የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ደርሰናል። ቤተ ሙከራ የሚባል ነገር ስለሌለን ከገበያ ሦስት የእጅ መስታወቶች ገዛሁ፤ ከትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ደግሞ አረንጓዴ የፋይል ላስቲክ ለምኜ ወሰድኩ። መስኮቶቹን ዘጋንና አንድ ተማሪ በሩ ላይ ቆሞ የፀሐይዋን ብርሃን በመስታወት ወደ ክፍሉ መለሰው። ሁለተኛውን መስታወት ይዘን ብርሃኑ የሚመጣበትና የሚመለስበት ማዕዘን እኩል መሆኑን ለካን። ከዚያ በፊት በቃላቸው ሸምድደውት ነበር፤ በዓይናቸው ሲያዩት ግን አንዳንዶቹ አላምን ብለው ደጋግመው ለኩት።

ቀጥሎ ቀለም መጣ። ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ በዩኒፎርሟ ላይ ቀይ ሹራብ ደርባ ነበር። ዝምተኛ ናት፤ የምናገረውን ግን አንድም ሳታስቀር ትጽፋለች። ወደ ፊት ጠርቻት ብርሃኑን በአረንጓዴው ላስቲክ አሳልፈን ሹራቧ ላይ ጣልነው። ቀዩ ሹራብ ጠቆረ። ክፍሉ ተንጫጫ። ቀይ ጨርቅ ቀዩን ብርሃን ይመልሳል፣ ሌላውን ይውጠዋል፤ አረንጓዴ ብቻ ሲደርሰው የሚመልሰው ስለሌለ ጥቁር ይመስላል አልኳቸው። በራሴ ኮራሁ፤ እንዲህ ያለ ትምህርት በዓመት አንዴ ቢሳካ ነው።

«ቲቸር፣ ታዲያ መብረቅ ቀይ ይወዳል የሚባለውስ?» አለ ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ።

«መብረቅ ዓይን የለውም፤ ቀለም አይመርጥም» አልኩት። «ቀይ ብትለብሱም ነጭ ብትለብሱም ለእሱ አንድ ነው።»

ልጅቷ ይህንንም ጻፈች። እኔ እዚያ ላይ አቆምኩ። መብረቅ የሚመታው ከፍ ብሎ የቆመውን ነው፣ ስለዚህ ዛፍ ሥር አትጠለሉ ማለት ነበረብኝ። ምዕራፉ ስለ ብርሃን ነው፣ ኤሌክትሪክ ወደፊት ይመጣል ብዬ ዘለልኩት።

ብዙም ሳይቆይ ሰማዩ ጠቆረ። የመጀመሪያው ነጎድጓድ የክፍሉን ቆርቆሮ ሲያንቀጠቅጠው መልመጃ ሰጠኋቸውና መስታወቶቹን ዕቃ ቤት ላስቀምጥ ብዬ ወጣሁ። ውሸቴን ነው። መፍራቴን እንዳያዩብኝ ሸሸሁ። ዕቃ ቤት ገብቼ መስታወቶቹን በፊታቸው ደፋኋቸው፤ ካርቶን ጫንኩባቸው፤ በሩንም ቀረቀርኩ። አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ ትቼ ካርቶን ሥር መስታወት የምደብቅ እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው ቢያደርገው እስቅበት ነበር።

ዝናቡ ሲወርድ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። ሜዳው ዳር ብቻውን የቆመ ረጅም ባሕር ዛፍ አለ፤ ሥሩ አንድ ቀይ ነገር ቆሟል። ልጅቷ ናት። የሆነውን የሰማሁት ኋላ ነው፤ እኔ እንደወጣሁ የክፍሉ ልጆች ሹራብሽን አውልቂ፣ ልታስፈጂን ነው ብለው ከበቧት። አላወልቅም አለች። እንግዲያው ከዚህ ውጪልን አሏት፤ ወጣች።

መቀርቀሪያውን እንዴት እንደከፈትኩት አላስታውስም። ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀረ። ብልጭታውንና ድምፁን የሚለየው ጊዜ እያጠረ፣ መብረቁም እየቀረበ መሆኑን አውቃለሁ፤ ማወቄ ደግሞ ፍርሃቱን አባሰው። የማስበው ለእናቷ ምን ብዬ እንደምነግራት ብቻ ነበር። ልጅሽን የገደላት የኔ ግማሽ ትምህርት ነው ይባላል እንዴ?

ስደርስ ማድረግ የነበረብኝ አንድ ነገር ነው፤ እጇን ይዤ ከዛፉ መራቅ። እኔ ግን ሹራቧን ያዝኩ። «አውልቂ፣ አውልቂው» እያልኩ ወደ ላይ ጎተትኩት። ሹራቡ ርሶ ከሰውነቷ ተጣብቋል፤ አንገቱ ጭንቅላቷ ላይ ያዘ። ሰማዩ ሁለቴ በላያችን ሲጮህ ሁለታችንም ዛፉ ሥር ነበርን፤ እሷ ፊቷ ሹራብ ውስጥ ተሸፍኖ፣ እኔ በሁለት እጄ እየታገልኩ። በመጨረሻ ወጣልኝና ጭቃው ላይ ወርውሬው እጇን ይዤ ሮጥኩ።

ዛፉን ምንም አልነካውም። ዕቃ ቤት ገብተን እዚያው ትቼው የወጣሁትን ነጠላዬን አለበስኳት። ጥርሷ ይንገጫገጫል። ያኔ ነው የዘለልኩትን ትምህርት የነገርኳት፤ ዛፍ ሥር ለምን እንደማይቆም፣ ሹራቧ ምንም እንዳላደረገ፣ ጥፋቱ የኔ እንደሆነ። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ።

«በጣም ፈርተሽ ነበር?» አልኳት።

«አይ፣ አልፈራሁም ነበር» አለች። «መብረቅ ቀለም አይመርጥም ብለውን የለ እንዴ። እርስዎ መጥተው ሹራቤን ሲጎትቱት ጊዜ ነው የፈራሁ።»

ሰማዩ ውጭ እንደገና አጉረመረመ። ከእኔ ቀድማ ከመስኮቱ የሸሸችው እሷ ነበረች።