የግራ ፊቱ

ደብረ ታቦር ምሳ ልበላ ተቀምጬ፣ ሰላጣው ላይ የፈሰሰው አቼቶ አፍንጫዬን ሲወጋኝ ሹካዬን አስቀመጥኩ። የአባቴ ጨለማ ክፍል እንዲህ ነበር የሚሸተው።

አባቴ ፎቶ ቤት ነበረው። ልጅ ሳለሁ አንድ ሰሞን አዲስ ሙከራ ይዞ ነበር። ወረቀቱ ብርሃን ሲበዛበት እንደሚጠቁር ያውቃልና፣ ፎቶው ላይ ያለውን ሰው ፊት አንዱን ወገን በካርቶን ይጋርድና ሌላውን እስኪጠግብ ብርሃን ያፈስበታል። ወረቀቱን ማጠቢያው መድኃኒት ውስጥ ሲነክረው በቀዩ አምፖል ሥር ፊት ቀስ እያለ ይመጣል፤ እኔ ትንፋሼን ውጬ አያለሁ።

አንድ ቀን አንዲት አሮጊት ከገሳይ መጡ። ተዝካሩ ላይ ከፍ አድርገው ይዘው ሊያለቅሱበት፣ የሞተ ልጃቸውን ትንሽ ፎቶ አተልቆ እንዲያጥብላቸው ሰጥተውት ነበር። አባቴ በኩራት ዘረጋላቸው። የልጁን ግራ ፊት ጥቁር ውጦታል፤ የቀኝ ዓይኑ ብቻ ያያል።

አሮጊቷ ጥቁሩን በጣታቸው ዳበሱት።

"ሌላው ዓይኑስ?"

"እማማ፣ ኀዘኑ እኮ እዚያ ጥላው ላይ ነው። እንዲህ ያለ ፎቶ ሠርቼ አላውቅም።"

"ኀዘኑማ እኔ ዘንድ አለ፣ የኔ ልጅ። ጨለማውንም መቃብሩ ሰጥቶታል። አንተ ፊቱን ስጠኝ።"

አባቴ ጨለማ ክፍሉ ገብቶ ሌላ አጠበ፤ ሁለቱም ዓይኖች የሚታዩበት፣ እንደ መታወቂያ ፎቶ ድርቅ ያለ። አሮጊቷ ስመውት በነጠላቸው ጠቅልለው ሄዱ። አባቴ ከዚያ ወዲያ ካርቶኑን አልነካም።

ሁለቱንም ፎቶ ያን ቀን አይቻለሁ። ዛሬ ሰላጣው ፊት ተቀምጬ ልጁን ላስታውስ ስሞክር ግን፣ የሚመጣልኝ አንድ ዓይን ብቻ ነው።