ገብስ የዋጠው የራቤል መንገድ

ደብረ ብርሃን፣ ማለዳ

ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ራቤል ልነሳ ነው። ሐሳቤ ከመሐል ሜዳ ተነስቼ የጓሳውን ደጋ በእግሬ ማቋረጥና ግሼ ራቤል መግባት ነው። ዕድሜ ልኬን በዚህ አገር አውቶቡስ ስነዳ ተራራውን ሁሉ በመስታወት እያየሁ አልፌዋለሁ። ጡረታ ወጥቼ ቤት ስውል ግን መቀመጥ አቃተኝ። ምሳ እስኪቀርብ መጠበቅ እንኳ ያቁነጠንጠኛል። ባለቤቴ አልማዝ «አንተ ሰውዬ፣ መቀመጫህ ላይ እሾህ አለ እንዴ?» ትለኛለች።

ባለፈው ጥር ሞክሬ ነበር። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ሣሩ በውርጭ ነጭ የሆነ፣ መንገዱ ከሩቅ የሚታይ ጊዜ ነው። ከግማሽ በላይ ሄጄ ቁልቁለት ላይ ጉልበቴ ከዳኝ። ነሐሴ ላይ ደግሞ ጉልበቴ ደህና ሆኖ ጉሙ መለሰኝ፤ የያዝኩት በትር ጫፍ አይታየኝም ነበር። ዝናቡም ከጎን እየመጣ ጆሮዬ ውስጥ ይገባል።

አሁን ኅዳር ገብቷል። ዝናብ የለም፣ ጉም የለም፤ ከዚህ የተሻለ ወቅት አይገኝም። አልማዝ በር ላይ ቆማ ውሳኔዋን አሳወቀችኝ።

«ይኼ የመጨረሻህ ነው። ከደረስክ ደረስክ፣ ካሰኘህም ደግሞ ትሄዳለህ። ካልደረስክ ግን ተራራ የሚባል ነገር በዚህ ቤት አይነሳም። ጉልበትህን እኔ ነኝ ማታ ማታ የማሸው።»

«እሺ» አልኳት። እሺ ያልኩት እንደምደርስ ስለተማመንኩ ነው።

በመኪና

ሚኒባሱ ውስጥ ጋቢና ተቀመጥኩ። ከጣርማ በር ተገንጥለን ወደ መንዝ ስንዞር በየኩርባው ቀኝ እግሬ ወለሉን ይረግጣል። ሾፌሩ አይቶኝ ሳቀ። «ፋዘር፣ ፍሬኑ እኔ ጋ ነው» አለኝ። ሞላሌ ላይ ገበያ ቆሞ ነበርና በጎቹ መንገዱን ሞልተውት ብዙ ቆየን። ሰው ሁሉ ወርዶ ሻይ ሲጠጣ እኔ በመኪናው ዙሪያ እሽከረከራለሁ። አንድ የበግ ነጋዴ «ምን ጠፍቶብዎት ነው?» ብሎ ጎማው ሥር አብሮኝ ሊፈልግ አጎነበሰ። ምንም እንዳልጠፋኝ ብነግረውም ትንሽ ፈለገ።

መሐል ሜዳ አድሬ ጎህ ሳይቀድ ወጣሁ።

ደጋው ላይ

በኅዳር የጓሳው ሣር ከታች አረንጓዴ፣ ከላይ ቢጫ ነው። ነፋሱ ሲያልፍበት ደጋው በሙሉ የሚንቀሳቀስ ይመስላል። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ፀሐይ እስኪሞቃቸው ገደሉ አፋፍ ላይ ተቃቅፈው ተቀምጠዋል። ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል በየቦታው ብቻውን ቆሟል። ይህን ሁሉ ቆሞ ማየት ደስ ይላል፤ እኔ ግን ቆሜ አላየሁትም። የሚቀጥለውን ኮረብታ እያየሁ ነው የሄድኩት፤ እሱ ላይ ስደርስ ደግሞ ከእሱ የሚቀጥለውን። ኪሴ ውስጥ የገብስ ቆሎ ነበረኝ፤ ምሳዬንም እየተራመድኩ በላሁ።

ሲመሽ አንድ ቤት «የመሸበት እንግዳ» ብዬ ገባሁ። እግሬን አጠቡልኝ፣ የገብስ እንጀራ በሽሮ አበሉኝ፣ አጎዛ አንጥፈው አስተኙኝ። ጉልበቴ ትንሽ አብጦ ነበር፤ አላየሁትም ብዬ ሸፈንኩት።

ካቡ ጥግ

በማግስቱ ረፋድ ላይ በጥር ካለፍኩበት የድንጋይ ካብ ደረስኩ። ያኔ እህሉ በተሰበሰበበት ማሳ መሃል ነጭ የእግር መንገድ ነበር። አሁን መንገዱ የለም። ከግራው ማሳ እስከ ቀኙ ማሳ ሳይቋረጥ ገብስ ቆሟል። ወደ ራቤል የሚያወርደው ቁልቁለት ከማዶ ይታየኛል፤ መሄጃው ግን እህል ነው። የሰው እህል መርገጥ ደግሞ አይሆንልኝም። ቆምኩ። ግራውን አየሁ፣ ቀኙን አየሁ። በበትሬ አፈሩን ነካ ነካ አድርጌ ራሴን ነቀነቅኩ።

ለካ የሚያየኝ ሰው ኖሯል። አንዲት ሴት ማጭድ እንደያዘች ከላይ ካለው ቤት እየሮጠች መጣች። የሺ ትባላለች።

«እግዜር ይስጥልን አባቴ! ይመጣሉ ስንል ስንት ጊዜያችን! ገና ሳይነገርዎ ድንበሩ ላይ ቆሙ አይደል?»

«እኔ መንገደኛ ነኝ፤ ወደ ራቤል ነው የምሄደው።»

«ይሁን። አስታራቂ መጀመሪያ እንዲህ ነው የሚለው፤ አዳላ እንዳይባል።»

«ሽርሽር ነው የወጣሁት፣ የኔ ልጅ።»

ከት ብላ ሳቀች። በዚህ ዕድሜ ያለ ጉዳይ ተራራ የሚወጣ ሰው አለ ብላ ልታምን አልቻለችም።

ነገሩን እዚያው ነገረችኝ። የግራው ማሳ የባሏ የጌታነህ ነው፤ የቀኙ የታናሽ ወንድሙ የአሰፋ። መንገዱ በመሃል ያልፍ ነበር። ሰኔ ላይ ሁለቱም «መንገዱ በአንተ በኩል ነው መሆን ያለበት» ተባብለው እየገፉ አረሱት። ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም። ለሁለቱም የማይዛመድ አንድ ሽማግሌ ከመሐል ሜዳ በኩል ይመጣል ተብሎ ሲጠበቅ ነበር።

«ዞሮ መሄጃ የለም?» አልኳት።

«በታች በኩል አለ፤ ቶሎ ከተነሱ ሳይመሽ ይደርሳሉ። ግን ለምን ይሄዳሉ?»

ሁለቱ ወንድማማቾች ከሁለት በኩል መጡ። ሁለቱም ኮፍያቸውን አውልቀው እጅ ነሱኝ፤ እርስ በርስ ግን አልተያዩም። ልቤ ቁልቁለቱ ላይ ነበር። የአልማዝ ቃል ጆሮዬ ውስጥ አለ፣ ፀሐዩም እየሄደ ነው። እነዚህን ጎልማሶች እንደቆሙ ጥዬ መሄድ ግን አሳፈረኝ።

የሺ ድንጋይ ላይ አጎዛ አነጠፈችልኝ። ተቀመጥኩ። ጌታነህ የአባቱን የውርስ ታሪክ ከአያቱ ሲጀምር ተነሳሁ።

«ይቀመጡ እንጂ!»

«አልችልም። እየሄድን ንገሩኝ።»

«ሽምግልና በእግር?» አለ ጌታነህ ደንግጦ።

«በእግር። የምትጣሉት በመንገድ አይደለም?»

ጌታነህ ከፊት፣ እኔ መሃል፣ አሰፋ ከኋላ ሆነን ማሳውን መዞር ጀመርን። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው «ለእኔ አይንገረኝ፣ ለእርስዎ ይንገር» ይላል። እንደገና ዞርን። ጉልበቴ ማቃጠል ጀመረ፤ አላቆምኩም። ለማስታረቅ ብዬ ብቻ አልነበረም፤ ከቆምኩ እንደማልነሳ ፈርቼ ነው።

በስተመጨረሻ አሰፋ ከኋላዬ ድምፁን ከፍ አደረገ፤ በእኔ በኩል ሳይሆን በቀጥታ።

«አያ! ያን ጊዜ ሆድህን ታመህ፣ በቃሬዛ ይዘንህ ወደ መኪናው ስንሮጥ በየት አለፍን? በዚህ ነው። በራስጌህ በኩል የተሸከምኩህ እኔ ነኝ። ነገ እኔ ብታመም በየት ልታወጣኝ ነው?»

ጌታነህ ቆመ። ፊቱን አላየሁትም፤ ትከሻውን ነው ያየሁት። ከዚያ ወደ የሺ ሄዶ ማጭዱን ከእጇ ተቀበለና የራሱን ገብስ ከካቡ ጥግ ጀምሮ ማጨድ ያዘ። ገብሱ ገና ጥቂት ቀን ይቀረው ነበር። አሰፋም ሮጦ የራሱን ማጭድ አመጣና በወዲያ በኩል ጎንበስ አለ። የሺ እያለቀሰች ነዶውን ትሰበስባለች። እኔም እንባዬ መጣ፤ ወደ ገደሉ ዞሬ ንፍጤን ጠረግኩ።

መንገዱ ሲከፈት «እርስዎ ይጀምሩት» አሉኝ። እያነከስኩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄድኩበት። ጫፉ ላይ ቁልቁለቱ ተዘርግቷል። ፀሐዩ ግን ዘቅዝቋል፣ እግሬም አይታዘዝም።

ማታ እሳት ዳር ሳለን የጌታነህ ስልክ ጮኸ። የመሐል ሜዳው ሽማግሌ ናቸው፤ ብርዱ ሲቀንስ እመጣለሁ ይላሉ። ጌታነህ ስልኩን ዘግቶ ትክ ብሎ አየኝ።

«እና እርስዎ ማን ነዎት?»

«ሽርሽር ነው የወጣሁት ብያለሁ እኮ!»

አሰፋ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ደብረ ብርሃን

ሲነጋ ጉልበቴ አልታጠፍ አለ። ወንድማማቾቹ በፈረስ ጭነው፣ አንዱ ልጓሙን ይዞ ሌላው እኔን ደግፎ፣ ወደ መጣሁበት መለሱኝ። ቁልቁለቱ ከኋላዬ እየራቀ ሲሄድ በጣም ከፋኝ፤ እንደ ሕፃን ነው የከፋኝ። ሦስት ወቅት ሞክሬ ጉልበቴ የት ድረስ እንደሆነ አወቅኩ፤ እስከዚያ ገብስ ድረስ ነው።

አልማዝ በሩን ከፍታ በመጀመሪያ እግሬን፣ ቀጥላ ፊቴን አየች።

«ደረስክ?»

«አልደረስኩም።»

ደስ ይላታል ብዬ ነበር፤ አላላትም። ወንበር አቀረበችልኝ፣ ተቀመጥኩ። እግሬን ጭኗ ላይ አድርጋ ማሸት ጀመረች። እኔም ከካቡ ጥግ ጀምሬ እስከ ቃሬዛው ድረስ ነገርኳት። ምሽቱን በሙሉ ሳልነሳ ስናገር ሰማችኝ።

«እና አሁን መንገዱ ተከፍቷል?» አለች በመጨረሻ።

«ተከፍቷል። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ያሳልፋል።»

«አንተ ላትሄድበት።»

«እኔ ላልሄድበት» አልኳትና ሌላኛውን እግሬንም አቀበልኳት።