ጋሼ ደጀኔ እና የጥንቸሏ ፖምፓ

ኧረ ምን ጉድ ነው የምሰማው! ዛሬ ጠዋት ጋሼ ደጀኔ አረፉ አሉኝ። ስልኩን ዘግቼ እንደገና ደወልኩ። ልጃቸው እያለቀሰች "እውነት ነው" አለችኝ። ከትናንት ወዲያ አብረን ምሳ በላን እኮ! ሳል ነበረባቸው እንጂ ድምፃቸው ደህና ነበር።

አሰላ ያደጋችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ለማታውቋቸው፣ የትራክተርና የኮምባይን መካኒክ ነበሩ። ከጢቾ እስከ አርቦዬ ስንዴ ሲያጭድ የከረመ ኮምባይን ሁሉ በእጃቸው አልፏል። እኔ ደግሞ ከጋራዡ ፊት ለፊት ጎሚስታ ነበርኩ፤ ጎማ እለጥፋለሁ።

ወዳጆቼ፣ ዛሬ የምጽፈው እሳቸውን ለማመስገን ብቻ አይደለም። አርባ ዓመት ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር አለ።

በደርግ ጊዜ ከአዲስ አበባ ተመድበው የመጡ አንድ ሐኪም ነበሩ። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ነጭ የስፖርት መኪና ነበረቻቸው። ከመሬት ዝቅ ስላለች ከተማው "ጥንቸሏ" ይላት ነበር። አንድ ቀን ሐኪሙን ከሥራ ቦታቸው ወሰዷቸው። መኪናዋን ቀበሌው ወረሳት። ጎማዋ ተነቅሎ አራት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፣ ዶሮም እንቁላል ይጥልባት ጀመር።

ዓመታት አለፉ። የቀበሌው ሊቀመንበር ለአብዮት በዓል ሰልፍ "በእሷ ነው የምወጣው!" አለ። ጋሼ ደጀኔንና እኔን ጠርቶ እንድንጠግናት አዘዘን። እምቢ ማለት የለም፤ ያኔ እምቢ ያለ ሰው ስሙ አሻጥረኛ ነው።

ቸርኬዎቹ የሽቦ ነበሩ፤ ዝናብ በልቷቸዋል። ሽቦውን አንድ በአንድ ነቅዬ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ፣ መልሼ ወጠርኩት። ከተነቀሉት ጎማዎች ሦስቱ ቀበሌው መጋዘን ተገኙ፤ በልኳ የሚሆን አራተኛ ግን ከየት ይምጣ? በስንት ፍለጋ ኦጎልቾ አንድ ባለጋሪ ጋሪው ላይ አገኘን። ሌላ ጎማ ብንቀይርለትም "ፈረሴ ይቺን ነበር የለመደው" እያለ እስክንሄድ አጉረመረመ።

ጥንቸሏ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር የላትም። ሐኪሙ ከመታሰራቸው በፊት መኪናዋን ያሳዩት ሌላ መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ ካርቡራተር ሲፈልግ ውሎ "ጌታዬ፣ ሰርቀውዎታል" ብሎ ነው የሸኛቸው። ጋሼ ደጀኔ ግን አንዴ አዩና ሳቁ። "ይቺማ የትራክተር እህት ናት!" ቤንዚኑን እንደ ናፍጣ ሞተር በፖምፓ ነው የምትረጨው። ፈታተው ነጭ ጨርቅ ላይ ደረደሩት። ላግዝ ብዬ እጄን ስዘረጋ፣ "መጀመሪያ እጅህን ታጠብ!" በሳሙና፣ እስከ ክርን። አንዲት አሸዋ ፖምፓ ትገድላለች ይሉ ነበር።

ከሰልፉ በፊት ባለው ሳምንት ጥንቸሏ ተነሳች። ወይ ድምጿ! ጋራዡ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። እኔ ስጨፍር ጋሼ ትንሽ አዳመጧትና አጠፏት። ፊታቸው ጠቁሯል። የሐኪሙ ባለቤት ስንቅ ይዛ ወደ እስር ቤት ስትሄድ በጋራዡ ታልፍ ነበር። አንድ ቀን ቆማ "ባየሁት ቁጥር ስለ መኪናዋ ነው የሚጠይቀኝ" አለቻቸው። እሳቸውም "ሲወጡ ይነዷታል" ብለው ቃል ገብተውላታል።

በማግስቱ ለሊቀመንበሩ "ጓድ፣ ፖምፓው አልቋል፤ አትነሳም" አሉት። ከውስጡ ጣት የማታክል ፒስተን አውጥተው ደብቀዋል፤ ያለ እሷ ፖምፓው ቤንዚን አይገፋም። የት እንደሆነ ለእኔም አልነገሩኝም።

ሊቀመንበሩ እኔን ለብቻዬ አስጠራኝ። ሽጉጡ ጠረጴዛው ላይ ነው። "ተነስታ ነበር ወይስ አልተነሳችም?" አለኝ። አልመታኝም፣ አልሰደበኝም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

"ተነስታ ነበር" አልኩት።

ጋሼ ደጀኔን ወሰዷቸው። ዓመት ከመንፈቅ ታሰሩ። "ያወጣኸውን አምጣ" እየተባሉ ውስጥ እግራቸውን ተገረፉ። ሲያነክሱ ያያችሁ ሁሉ ኮምባይን ጎድቷቸው ነው ስትሉ እሰማ ነበር። ኮምባይን አይደለም።

የተፈቱ ቀን ቤታቸው ሳይገቡ እኔ ሱቅ መጡ። ሰላም አሉኝ፣ ውሃ ጠየቁ፣ እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ። ከዚያ ጥግ ላይ ከከመርኩት አሮጌ የውስጥ ጎማ አንዱን ስበው በምላጭ ቀደዱት። ፒስተኗ በዘይት ጨርቅ ተጠቅልላ ወጣች።

 ለካ እኔ ጋ ነበረች! ከማንም ሰው ይልቅ እኔን አምነው። አንዲት ቃል ቢተነፍሱ የምገባው እኔ ነበርኩ። እኔ ባንድ ጥያቄ አሳልፌ ሰጠኋቸው፤ እሳቸው ያን ሁሉ ግርፋት ችለው ስሜን አልጠሩም።

በኋላ ሐኪሙም በምሕረት ወጡ። ቀበሌው "ይቺን ቁርጥራጭ ብረት ውሰዱልን" ብሎ መለሰላቸው። ጋሼ ፒስተኗን ቦታዋ መለሱ፣ ሐኪሙ ባለቤታቸውን ጎናቸው አስቀምጠው ወደ ሳጉሬ ነዷት። መንገድ ዳር ያለ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ ሱቄን ዘግቼ ውስጥ ተቀምጬ ነበር።

ይወቁ አይወቁ፣ እንጃ። አንድም ቀን አልጠየቁኝም። ከትናንት ወዲያ ልናገር ቆርጬ ቤታቸው ሄድኩ። "ጋሼ፣ ስለ ጥንቸሏ አንድ የምነግርዎ ነገር አለ" አልኩ። ቀና ብለው አዩኝ። "መጀመሪያ እጅህን ታጠብ፤ ምሳ ቀርቧል" አሉኝ። ታጠብኩ። በእጃቸው አጎረሱኝ። ፈሪ ነኝ፤ በልቼ ወጣሁ።

ጋሼ ደጀኔ፣ ነገ ከቀብር ስንመለስ እንደ ወጉ ድንኳኑ በር ላይ ውሃ ይቀርባል። እኔም እታጠባለሁ፣ በሳሙና፣ እስከ ክርን፣ እንዳስተማሩኝ። ከዚያ በፊት ግን ሰው ሁሉ እየሰማ ልንገርዎ። "ተነስታ ነበር" ያልኩት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ። ደህና ይሁኑ፣ ጋሼ።