የካላንደሩ መጽሐፍ መጨረሻ

ሮቤ መናኸሪያ በር አጠገብ፣ ከጫማ ጠጋኙና ከሞባይል ካርድ ሻጩ መሀል፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ የሚቆምባት የቆርቆሮ ሱቅ አለች። ባለቤቷ ሃጂራ መሀመድአወል ትባላለች። መጽሐፍ ትሸጣለች፣ ይበልጡን ግን ታከራያለች። ከሁለቱም በላይ የምትሠራው ሥራ ደግሞ መጠየቅ ነው። አንድ ሰው መጥቶ «የሚነበብ ነገር ስጪኝ» ካላት፣ መደርደሪያውን ሳይሆን መጀመሪያ ሰውየውን ታየዋለች።

«የት ነው የምትሄደው? እንቅልፍህ እንዴት ነው? ባለፈው የቱን ጨረስክ፣ የቱንስ አጋምሰህ ጣልከው?»

የቸኮለ ሰው ሐኪም ዘንድ የገባ ይመስለዋል። ያልቸኮለው ዱካዋን ስቦ ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ አውቶቡስ ቢያመልጠው የራሱ ጥፋት ነው።

መጽሐፍን በገጽ ብዛት አትለካም፣ በመንገድ ነው። ቀጭኑ ልብ ወለድ «ጎሮ» ይባላል፤ አውቶቡሱ ጎሮ እስኪደርስ ያልቃል። ወፍራሙ «ደሎ መና» ነው፤ እዚያ የሚደረሰው የሳነቴ ተራራ ታልፎ ነው። ፍርዷን በእርሳስ በትንሽ ወረቀት ጽፋ ከኋላ ሽፋኑ ውስጥ ትለጥፈዋለች። «ደሎ መና። ከሳነቴ ቁልቁል ሲወረድ አይነበብ፣ ያጥወለውላል።» «ጎሮ። ከባሏ ለተኳረፈች ይሆናል፤ ባልየው እንዳያገኘው።» «ለጋሽ አምባዬ አይሰጥ፣ ክስ የለበትም።» ጋሽ አምባዬ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ሰው ናቸው፤ ዳኛ ያልተሰየመበት ልብ ወለድ ገና ያልተጀመረ ነው የሚመስላቸው።

የልጆቹ የሥዕል መጻሕፍት ከታች፣ በልጅ ቁመት ልክ ተደርድረዋል። እዚያ ጋ የምትጠይቀው ልጁን ነው። እናት ቀድማ ከመለሰች፣ «የእርስዎ ተራ ገና ነው» ትላታለች።

ይህ ጠባይዋ ከጎሮ የመጣ ነው። አባቷ ጎሮ ላይ ሱቅ ነበራቸው፤ ያኔ ስኳሩም ሻይ ቅጠሉም የሚጠቀለለው በአሮጌ መጽሐፍ ገጽ ነበር። ሃጂራ ማንበብ የለመደችው በዚያ መጠቅለያ ነው። ችግሩ፣ አንዱ ገጽ ከአንዷ ጎረቤት ጋር ይሄዳል፣ ተከታዩ ከሌላዋ ጋር። ስኳሩ እስኪገለበጥ እየጠበቀች በየቤቱ ወረቀቱን ትለምን ነበር። የጠፋባትን ከራሷ ትሞላለች። ማታ ለእህቶቿ ስታወራ አባቷ ሰምተው፣ «መጨረሻውን ከየት አመጣሽው?» ሲሏት፣ «እንደዚያ የሚሆን ነው የሚመስለኝ» ብላ መለሰች። አባትየው ሳቁ። ሊቆጧት ይገባ እንደነበር ያወቀችው አርባ ዓመት ካለፋት በኋላ ነው።

ነገሩ የካላንደሩ መጽሐፍ ነው። ሱቋን በከፈተች ሰሞን እጇ ሲገባ ሽፋን አልነበረውም፤ የሐይቅ ሥዕል ባለበት የግድግዳ ካላንደር ወረቀት ለበደችው፣ ስሙም በዚያው ቀረ። አንድ ወጣት እናቱን ጥሎ ወደ ሩቅ አገር ይሄዳል፣ እናት ትጠብቃለች። ኪራይ የዞረ መጽሐፍ መቼም መጀመሪያና መጨረሻው አይተርፍም፣ የዚህም የመጨረሻዎቹ ገጾች የሉም። ፍጻሜውን የነገራት ረዲ ነው፤ የደሎ መና አውቶቡስ ሾፌር። ሙሉውን እንዳነበበው ነግሯት፣ «ልጁ ይመለሳል። በሩን ገርበብ ብሎ ያገኘዋል» አላት። ሃጂራም ወረቀቷ ላይ «መጨረሻው ተቀዷል፤ ልጁ ግን በሰላም ይገባል» ብላ ጻፈች። ከዚያ ወዲህ አንብቦ የጨረሰ ሁሉ መጨረሻውን ለመስማት ሱቅ ይመጣል። እሷም ታወራለታለች። በዓመታት ውስጥ ወሬው ዝናብ ጨመረ፣ ልጁን የሚያውቀው ውሻ ጨመረ። ሰው ከመጽሐፉ ይልቅ የሷን መጨረሻ ወደደው።

እትዬ ወለተኢየሱስ ከጎባ የመጡት አምና ነው። ሠላሳ ዓመት መንግሥት ቤት ታይፒስት ሆነው ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ልጃቸው ፍቅረየሱስ በየብስ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተነሥቶ፣ ከኬንያ ሁለት ጊዜ፣ ከታንዛኒያ አንድ ጊዜ ደውሏል። ከዚያ ስልኩ ዝም አለ። ሚስቱ ሐዋሳ ፋብሪካ ትሠራለች፣ የስድስት ዓመቷን ልጁን ዮዲን የሚያሳድጓት እሳቸው ናቸው።

«ልጅ መንገድ የሄደበት መጽሐፍ ይኖርሻል?» አሉ ቁጭ እንዳሉ።

ሃጂራ አንድ ሕግ አላት። የሰውየው ቁስል ያለበትን መጽሐፍ ለራሱ ለሰውየው የምትሰጠው መጨረሻው ደህና ከሆነ ብቻ ነው። የካላንደሩን መጽሐፍ አወጣች፣ ወረቀቷን አየች፣ ሰጠቻቸው።

ሦስት ጊዜ አነበቡት። በየጊዜው ሚኒባስ ተሳፍረው እየመጡ፣ «እስቲ መጨረሻውን» ይሏታል። እሷም ትነግራቸዋለች። አንድ ቀን እንደ ቀልድ አድርገው፣ «የግቢዬን በር ቀን ቀን መሸንጎር ትቻለሁ» አሏት። «እንደሴትዮዋ ገርበብ አደርገዋለሁ።» ሃጂራ ደስ አላት። መጽሐፍ ለትክክለኛው ሰው ደረሰ ማለት ይኸ ነው ብላ ነበር።

አንድ ሰኞ ከሻሸመኔ አንድ ማዳበሪያ ከረጢት ሙሉ ያገለገለ መጽሐፍ መጣላት። እየለየች ሳለ አንዱን ገለጠች፣ የመጀመሪያውን አረፍተ ነገር ገና ሳትጨርሰው አወቀችው። ሽፋን አለው፣ ስም አለው፣ መጨረሻ አለው። ቆማ አነበበች። ልጁ አይመለስም። የሚመለሰው ሻንጣው ነው፤ አንድ ጓደኛው ተሸክሞ መጥቶ ደጃፍ ላይ ያስቀምጠዋል። ሦስት ገጽ ነው።

ሃጂራ መጽሐፉን በነጠላዋ ስር ይዛ መናኸሪያ ገባች። ረዲ የአውቶቡሱን መስታወት እየወለወለ ነበር።

«አካም ጅርታ፣ ሃጂራ?»

«ነጋ፣ ደህና ነኝ። ረዲ፣ የካላንደሩን መጽሐፍ መጨረሻ የት ነው ያነበብከው?»

ጨርቁን አጠፈው፣ መልሶ ዘረጋው። «ምን አስታወሰሽ?»

«የት ነው ያነበብከው?»

«የትም። ያንቺኑ ነው ያነበብኩት። ደሎ መና መኪናው ተበላሽቶ ሁለት ቀን ተኝቼ... መጨረሻው የለውም። ተሳፋሪው ደግሞ ታሪኩን ስተርክለት ምን ሆነ፣ ምን ሆነ ይለኛል። ምን ልበል?»

«አላውቅም በላቸዋ።»

«ወላሂ፣ ሃጂራ፣ እኔ ሰው መንገድ ላይ አራግፌ አላውቅም። ቤቱ አደረስኩት። ውሻውን ግን እኔ አላመጣሁትም።»

«ውሻው የኔ ነው» አለች ሃጂራ። መሳቅ ፈልጋ ነበር፣ አልመጣላትም።

ሁለት ቀን መጽሐፉን ጠረጴዛ ስር አስቀምጣ አሰበች። ማንም አላየውም። ለስኳር መጠቅለያ ብትሰጠው ገጹ በየቤቱ ተበታትኖ ይቀራል፤ ያን መንገድ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ግን እትዬ ወለተኢየሱስ ሁሉን የሚያነቡ ሰው ናቸው፣ ዛሬ ባይሆን ነገ ሌላ ቅጂ እጃቸው ይገባል። ያኔ ብቻቸውን ይሆናሉ። ደግሞስ፣ ሰው ከሱቋ መጽሐፍ የሚወስደው ቃሏን አምኖ ነው። ያላነበበችውን እንዳነበበች አድርጋ ተርካለች። ከዚህ ሌላ የምትሸጠው ምን አላት?

ሐሙስ ጠዋት ሱቁን ዘግታ ጎባ ወጣች። ብርዱ ከሮቤው ይብሳል። የእትዬ ወለተኢየሱስ የግቢ በር ገርበብ ብሏል። ሃጂራ ደጁ ላይ ትንሽ ቆመች፤ እጇን ለማንኳኳት አንሥታ መልሳ አወረደችው። የተከፈተ በር እንዴት ይንኳኳል?

«እትዬ ወለተ፣ እኔ ነኝ። ሃጂራ።»

«ምነው በሰላም? አንቺም ተነሥተሽ መጣሽ? ግቢ እንጂ፣ ብርዱ አይግባብን።»

ተቀመጠች። ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም። መጨረሻውን ሳታነበው እንደነገረቻቸው፣ ረዲ ከሆዱ እንዳወጣው፣ እሷም እንዳስጌጠችው፣ አሁን ሙሉው መጽሐፍ እንደተገኘ ተናገረች።

እትዬ ወለተኢየሱስ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ። «መቼ ነው ያገኘሽው?»

«ሰኞ።»

«ዛሬ ሐሙስ ነው።»

«አዎ።»

«ስጪኝ።»

መነጽራቸውን አድርገው ሦስቱን ገጽ አነበቡ። ቀስ ብለው፣ ጣታቸው እየተከተለ፣ ሲተይብ የኖረ ሰው እንደሚያነበው። ሻንጣው ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። እንባቸው መጣ፣ አልጠረጉትም። ከዚያ ወደ ኋላ ገልጠው መጽሐፉ ውስጥ ያለውን ሠርግ ፈለጉ፣ ገጹንም ቆጠሩ።

«ለሠርጉ አሥራ አንድ ገጽ» አሉ። «ለዚህ ልጅ ሦስት። ቸኩሏል ጸሐፊው። ሠላሳ ዓመት የሰው ደብዳቤ ስመታ ኖሬያለሁ፤ የቸኮለን አውቃለሁ።» መጽሐፉን ዘጉት። «ግን ያንን ልጅ የገደለው እሱ ነው፤ ወጉ ነው፣ መጽሐፉ የሱ ነው። አንቺ ነሽ ያስቀየምሽኝ።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«አሁን ሂጂ፣ ልጄ። ጥላቻ አይደለም። ሂጂ ብቻ።»

ሃጂራ ወጣች። ከኋላዋ የበሩ ብረት ሲሸነጎር ሰማችው።

የዚያን ሳምንት ሱቋ ውስጥ ያለውን መጽሐፍ ሁሉ አወረደች። እያንዳንዱን ወረቀት እያነበበች፣ ከሰው አፍ ሰምታ የጻፈችውን ሁሉ በላጲስ አጠፋች፣ በምትኩም «ገና አላነበብኩትም» ብላ ጻፈች። ከጠበቀችው በላይ ብዙ ሆኑ። ጋሽ አምባዬ አንዱን ገልጠው አይተው፣ «ይኸማ የእምነት ክህደት ቃል ነው» አሏት። «የሚያምን ተከሳሽ ብርቅ ነው። ይህንኑ ስጪኝ፣ እኔ አንብቤ እመሰክራለሁ።»

እትዬ ወለተኢየሱስ በዚያ ሳምንት አልመጡም። በሚቀጥለውም እስከ ዓርብ አልመጡም። የጎባ ሚኒባስ በቆመ ቁጥር ሃጂራ ቀና ትላለች። ረዲ ሁለት ጊዜ መጥቶ ሄደ፤ ሁለተኛው ላይ፣ «እኔ ሄጄ ልንገራቸው፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «ለመጨረሻ ነገር አንተን አላምንህም» አለችው፤ እሱም አልተከራከረም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ መጡ፣ ዮዲን በእጃቸው ይዘው። ዱካዋን ሳቡ፣ ተቀመጡ፣ ቦርሳቸውን ከፈቱ።

«በሩን ዘግቼ ሰነበትኩ» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። «ይህች ልጅ ከትምህርት ቤት በመጣች ቁጥር ታንኳኳለች፣ እኔ ደግሞ በተንኳኳ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል። ሦስት ቀን ነው የቻልኩት። መልሼ ከፈትኩት። አሁን ግን ለመጽሐፉ ልጅ ብዬ አይደለም። ለራሴ ልጅ ነው። እሱን ማንም ገና አልጻፈውም።»

ከቦርሳው መጽሐፉን አወጡ። ከኋላ ሽፋኑ ውስጥ ወረቀት ተለጥፏል፣ በታይፕ ተመትቷል፤ የታይፕ መኪናቸው እስካሁን ቤታቸው መኖሩን ሃጂራ አታውቅም ነበር። እንዲህ ይላል፦

«ደሎ መና። የመጨረሻዎቹ ሦስት ገጾች ያሳዝናሉ፣ ጸሐፊውም ቸኩሏል። ሰው መንገድ የሄደበት አንባቢ መጨረሻው አስቀድሞ ይነገረውና ራሱ ይምረጥ። ሃጂራ የምትነግረው መጨረሻ የሃጂራ ነው። እሱም ደህና ነው፤ ውሻው ግን በዝቷል።»

ሃጂራ አነበበችው፣ ደገመችው። «ውሻውን ላስወጣው?»

«ተዪው፣ ለምደነዋል።»

ዮዲ ከታች መደርደሪያ ስር ቁጭ ብላ የሥዕል መጽሐፍ እያገላበጠች ነበር፤ ሳነቴ ላይ ስለሚኖር ፍልፈልና ስለ ቀይ ቀበሮ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ የተጻፈ። አንዱ ገጽ ላይ መዳፏን ዘርግታ ጭናለች፣ ከመዳፏ ውጭ ያለውን ፊደል እየቆጠረች ታነባለች።

«እጅሽን ለምን ጫንሽው?» አለቻት ሃጂራ።

«እዚህ ቀበሮዋ አለች። ታስፈራለች።»

«ታዲያ ሌላ ልስጥሽ?»

«አይ። ፍልፈሉ ጉድጓድ ይገባ እንደሆነ ማየት አለብኝ።»

ሃጂራ ባዶ ወረቀትና እርሳስ አወጣች። «ከኋላው ምን ብዬ ልጻፍበት?»

ዮዲ አያቷን አየቻቸው። እሳቸው አልቀደሟትም፤ ተራው የልጅቷ ነው። አሰበች። «ቀበሮዋ ታስፈራለች። እጅ ቢጫንባት ግን የቀረው ይነበባል።»

ሃጂራ ቃል ሳትጨምር ጻፈችው።

እትዬ ወለተኢየሱስ መነጽራቸውን እያስተካከሉ ወደ ላይኛው መደርደሪያ አዩ። «ለኔም ስጪኝ እንጂ። ደሎ መና የሚሆን።»

«የት ነው የሚሄዱት?»

«የትም። በሩ አጠገብ ነው የምቀመጠው።»

ሃጂራ ተነሥታ ጣቷን በመጻሕፍቱ ጀርባ ላይ አንሸራተተች፤ አንዱን አለፈችው፣ ሌላውንም አለፈችው። ሦስተኛው ላይ ቆመች፣ አወጣችው፣ አቧራውን በነጠላዋ ጠረገች።

«ይኸን» አለች፣ «እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ።»